ክርክር፦ የጆሮ ሕዋስ ማብቀያ መድኃኒት ሰው ላይ መሞከሩ ቸኮለ ወይስ ጊዜው ነው?

የፒያሳ ልጅ፦ ኤፍኤክስ-322 የተባለው መርፌ የጆሮ ሕዋስ አብቅሎ መስማትን ይመልሳል ተብሎ ስንት ተወራለት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ ሲወጣ ግን ቃላትን ለይቶ በመስማት መድኃኒት ከሌለበት ባዶ መርፌ አልተሻለም። ሰው ላይ መሞከሩ ይቁም ባይ ነኝ።

ነጭ ጋውን፦ ኧረ ቀስ በል! ሐሳቡ ከሜዳ አልተነሳም። ጫጩት በከባድ ድምፅ ድምፅ ተቀባይ ሕዋሶቿ ቢሞቱ፣ አጠገባቸው ያሉት ደጋፊ ሕዋሶች ገሚሱ ተከፋፍለው፣ ገሚሱ ደግሞ ራሳቸው ተለውጠው ይተኳቸዋል። በሳምንታት ውስጥ መልሳ ትሰማለች። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ እኛ ዶሮ አይደለንማ 😂

ነጭ ጋውን፦ ገና የተወለደች አይጥም ትንሽ ትችላለች እኮ።

ላብ ነኝ፦ ጣጣው እሱ ጋ ነው። አይጥ ስትወለድ ጆሮዋ ገና ጥሬ ነው፣ መስማት የምትጀምረው ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆናት ነው፤ የመተካት አቅሟ ግን ከዚያ በፊት፣ በመጀመሪያው ሳምንት አካባቢ ተሟጦ ያልቃል፣ ምክንያቱም ደጋፊ ሕዋሶቹ ሲበስሉ ወደ ሌላ ሕዋስ የሚለውጧቸው ጂኖች ይቆለፋሉ። የሰው ልጅ ደግሞ ማህፀን ውስጥ ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ የእኛ ሕፃን ሲወለድ በሩ ተዘግቷል ማለት ይቻላል። አብዛኛው ተስፋ የታየው ገና በተወለደች አይጥ፣ መርፌው የሚወጋው ጎልማሳ ሰው!

ነጭ ጋውን፦ ታዲያ የጎልማሳ ደጋፊ ሕዋስ ዝም ብሎ ያያል?

ላብ ነኝ፦ አያይም። ሕዋስ ሲሞት ጎረቤቶቹ ተለጥጠው ክፍተቱን ይደፍናሉ፣ ከላይ ያለው ፖታሲየም የበዛበት ፈሳሽ ወደ ታች እንዳይሰርግ። ቁስሉ ዳነ፣ መስማቱ ቀረ። የጆሮ የሚዛን መጠበቂያ ክፍሉ ይሻላል፣ በጎልማሳ እንስሳም ጥቂት ሕዋስ ይተካል።

ሰሚ ያጣ፦ ልጆች፣ እኔ መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ካናማይሲን የሚባል መድኃኒት ስወጋ ነው ጆሮዬ የሄደው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ከሚመከሩት አወጣው፣ ለእኔ ግን ረፍዷል።

የፒያሳ ልጅ፦ አይዞዎት ጋሼ። እና ይሞከርብዎት?

ሰሚ ያጣ፦ እሱን አንተ አትወስንልኝም። ቅጹ ላይ «ይህ የሠራው ገና በተወለደች አይጥ ነው» ብለው በጉልህ ይጻፉልኝ፣ ከዚያ ልፈርም አልፈርም የራሴ ጉዳይ ነው።