አዲስ አበባ በሁለት ቀን፦ የትኞቹን አሮጌ ሕንፃዎች ላሳያት?

የማርቆስ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴ ልጅ እዚሁ ደብረ ማርቆስ የሕንፃ ትምህርት ልትጀምር ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባን ላሳያት ቃል ገብቻለሁ። እኔ ደግሞ ከአውቶብስ ተራ ማዶ ብዙም አላውቅ። ፎቁንማ በስልኳ አይታ ጠግባለች፤ የምትፈልገው አሮጌውን ነው። ያለን ሁለት ቀን ነው። ከየት እንጀምር?

ግንበኛው ከደጀን
ከአራዳ ጊዮርጊስ ነዋ! ዕድሜዬን ድንጋይ ስጠርብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አዲስ አበባ በገባሁ ቁጥር መጀመሪያ የምሳለመው እሱን ነው። አጼ ምኒልክ ከዐድዋ ድል በኋላ ያሠሩት ነው። ዐድዋ ላይ የኛው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ጦራቸውን ይዘው ስለነበሩ፣ ጎጃሜ እዚያ ደጅ ላይ እንግዳ አይባልም። ንግሥት ዘውዲቱም ጃንሆይም ዘውድ የጫኑት እዚያ ነው። ፋሺስት በ1929 አቃጥሎት ነበር፤ ይኸው ቆሟል።

ሕንፃው ስምንት ማዕዘን ነው። ልጅቷን ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበት ጥግ ድረስ አስጠጋት። ቀጥ ያለ ጥግ ማንም ግንበኛ ያወጣል። ጥጉ ሲሰፋ ግን ዘጠና ዲግሪ በምትለካው ስኳድራ አይሆንም፤ የማዕዘኑ ድንጋይ ለብቻው ተለክቶ ይጠረባል። አንዱ ትንሽ ከሳተ ስህተቱ እስከ ጣሪያ ይከተልሃል። ይሄን በዓይኗ ካየች የክፍሉ ትምህርት አይከብዳትም።

ከዚያ በእግር ወደ ጣይቱ ሆቴል። የሀገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል ነው። በ2007 እሳት ቢጎዳውም አለ። ቡና እዘዙና የእንጨት ደረጃውን ቀስ ብላችሁ ውጡ። ፒያሳ ግን ድሮ እንደሰማሃት አይደለችም፤ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በ2016 ፈርሷል። ስለሱ ባልናገር ይሻለኛል።

ስድስት ኪሎ ያደግኩ
ገነተ ልዑልን እንዳትዘሉ! የጃንሆይ ቤተ መንግሥት የነበረ ነው፤ አሁን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም አለበት፤ መኝታ ቤታቸውን ጭምር ታያላችሁ። ደጁ ላይ ወደ ላይ ወጥቶ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ጣሊያን የፋሺስት አገዛዙን ዘመን ሊቆጥርበት ያቆመው ነው፣ ለየዓመቱ አንድ ደረጃ። በኋላ የኛ ሰዎች ጫፉ ላይ አንበሳ አስቀመጡበት። ከዚህ በላይ ምን መልስ አለ?

አፍሪካ አዳራሽም አለላችሁ። የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 የተመሠረተው እዚያው ነው። የተመድ ግቢ ስለሆነ ግን ዘው ብሎ መግባት የለም፤ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ።

ምንቆረር
ኧረ ጎበዝ! ዓባይን ከመሻገራችሁ በፊት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ቤተ መንግሥት አይታለች? ቤታችሁ አጠገብ እኮ ነው። ማርቆስም የመናገሻ ከተማ ነበረች።

ግንበኛው ከደጀን
እውነቱን ነው። ግን እሱን ከተመለሳችሁ በኋላ ብታዩት ይሻላል። ያኔ ማወዳደሪያ ይኖራታል።

የማርቆስ ልጅ
አያ ግንበኛ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የምንገባው ቅዳሜ ነው፤ እሑድ ጊዮርጊስን ብናደርገው ያስቸግራል?

ግንበኛው ከደጀን
እሑድማ ቅዳሴ አለ። ወይ አስቀድሱ፣ ወይ ረፋዱ ላይ ሰው ሲወጣ ግቡ። ለሷ ነጠላ አትርሳ። የሙዚየሙን ሰዓት ደግሞ ቀድመህ ደውለህ አጣራ።