ፋብሪካ ሲዘጋ የሠራተኛው ጡረታስ? የጋራ ሐሳባችንን እናርም

ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁም። እሑድ ፒያሳ በተሰበሰብን ጊዜ ሁለት ጥያቄ ተደባልቆብን ሳንግባባ ተለያየን። የከሰረ ፋብሪካን መንግሥት በግብር ከፋዩ ገንዘብ ያንሳው ወይ የሚለው አንድ ነው። ፋብሪካው ሲወድቅ የሠራተኛው ጡረታ ምን ይሆናል የሚለው ደግሞ ሌላ ነው። በጋራ የምንጽፈው ደብዳቤ የሚሄደው ለተወካዮች ምክር ቤት ተመራጫችን ነው። ጡረታ የፌዴራል ጉዳይ ስለሆነ የጎንደር ከተማ አስተዳደር ብቻውን አይፈታውም። እስካሁን ያለን ረቂቅ ይኸው፦

«መንግሥት በኪሳራ ላይ ያሉ ፋብሪካዎችን በብድርና በድጎማ ይታደግ፤ ለሠራተኞቻቸውም ጡረታ ዋስ ይሁን።»

ሳትሰስቱ ጻፉ።

የቅዳሜ ገበያ ነጋዴ
ይሄ ለኔ አይዋጥልኝም። እኔ ጡረታ የለኝም። አጠገቤ በርበሬ የምትሸጠው እናትም የላትም። ሳሙና ስትገዛ ግን 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ትከፍላለች። የእሷን ሳንቲም ሰብስቦ በብድር ላይ ብድር ወስዶ ለከሰረ ባለሀብት መስጠት ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ሲያተርፍ ለብቻው፣ ሲከስር ለሁላችን። ደግሞ ሸክሙ ገና ትከሻችን ላይ ነው። የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ለንግድ ባንክ መክፈል ያቃታቸው ከ800 ቢሊዮን ብር በላይ ዕዳ በመንግሥት ቦንድ እንዲተካ በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ አጽድቋል። ያንን የሚከፍለው ሌላ ማንም አይደለም፣ እኛው ነን። «ድጎማ» የምትለዋ ቃል ትውጣ።

የአዘዞ አባል
ወንድሜ፣ ያልከው ገብቶኛል። ግን ፋብሪካ ሁሉ በባለቤቱ ጥፋት አይወድቅም። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2022 አሜሪካ ኢትዮጵያን ያለ ቀረጥ ወደ እሷ መሸጥ ከሚያስችለው ከአጎዋ ስታስወጣ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የምትሰፋ ልጅ ምን አጥፍታ ነበር? እኛም ዘንድ መንገድ ሲዘጋ ጥሬ ዕቃ አይገባም፣ የተመረተውም አይወጣም። ይሄን ከስርቆትና ከዝርክርክነት ጋር አንድ ላይ አትፈርጁት።

የራሴን ልንገራችሁ። የሠራሁበት ድርጅት ተዘግቷል፤ ስሙን አልጠራም። የደመወዝ ወረቀቴ ላይ ከትራንስፖርት አበል በታች «ጡረታ 7%» የሚል መስመር አለ። በየወሩ ተቆርጧል። ልጠይቅ ስሄድ የመጨረሻዎቹ ወራት ገቢ አልሆኑም ተባልኩ። ወረቀቶቹ በላስቲክ ተጠቅልለው ቤቴ አሉ። ከግማሽ በላዩ ማኅተም የለውም፣ ፊርማም የለውም። ብሩ ከእጄ ወጥቷል፣ የደረሰበት ግን የለም። ፋብሪካው ይነሳ አይነሳ ለኔ ሁለተኛ ነው። ይሄ ይመለስልኝ።

የሒሳብ ባለሙያ አባል
እህቴ የነገሩን ሥር ነክታዋለች። ረቂቁም የተበላሸው እዚህ ጋ ነው።

እኛ አገር የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ ፋብሪካው ካዝና ውስጥ አይቀመጥም። በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ 715 ተጀመረ፤ አሁን የሚሠራበት አዋጅ 1268/2014 ነው። ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ ገንዘቡ ወደ መንግሥት ፈንድ ይሄዳል። ስለዚህ ፋብሪካው ቢዘጋም አንዴ የገባው መዋጮ አብሮት አይከስርም። አደጋው ተቆርጦ ያልገባው ላይ ነው።

በቁጥር እንየው። ደመወዟ 4,200 ብር የሆነ ሠራተኛ 294 ብር ይቆረጥባታል፣ አሠሪዋ 462 ይጨምራል። በወር 756 ብር ማለት ነው። 14 ወር ካልገባ 10,584 ብር ይሆናል። ለባለፋብሪካው ይህች ገንዘብ ምንም አይደለችም። ለእሷ ግን ብሩ ብቻ አይደለም የጎደለው፣ የአገልግሎት ዘመኗም ነው። የዕድሜ ልክ አበል የሚገኘው ቢያንስ 10 ዓመት ላገለገለ ነው። 10 ዓመት ሲሞላ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ከ10 ዓመት ያነሰ ያገለገለ ሰው ዕድሜው ሲደርስ ዳረጎት፣ ማለትም የአንድ ጊዜ ክፍያ፣ ተቀብሎ ይሰናበታል። በቃ። አሥረኛው ዓመት ላይ ጥቂት ወር የጎደለባት ሴት ምን እንደምታጣ አስቡት።

የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የሠራተኛ ክፍያ ከሌላ ዕዳ ይቅደም ይላል። ባንክ ግን ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ሠራተኛው ደጅ ሲጠና ማሽኑ ተሸጦ አልቋል።

ጡረታ የወጡ መምህር
ልጆቼ፣ አሜሪካኖቹም በዚህ ተቃጥለዋል። ስቱድቤከር የሚባለው የመኪና ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1963 መጨረሻ ሳውዝ ቤንድ ከተማ ያለውን ሲዘጋ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሜዳ ላይ ቀሩ። እነሱ ዘንድ ጡረታው ከድርጅቱ ጋር የታሰረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ሕግ ወጥቶ የጡረታ ዋስትና ድርጅት ተቋቋመ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፦ ገንዘቡ የመጣው ከግብር አይደለም፣ አሠሪዎቹ ከሚከፍሉት አረቦን ነው። ኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 ጄኔራል ሞተርስን በሕዝብ ገንዘብ ሲያድኑ ፋብሪካው ቆመ፤ ግምጃ ቤቱ ግን ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሳያስመልስ ቀረ። እንግዲህ መጀመሪያ አሠሪዎች ዋስ ይሁኑ ነው የምለው። የነጋዴው ቅሬታም በዚሁ ይመለሳል።

የቅዳሜ ገበያ ነጋዴ
ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነ እፈርማለሁ። ለሠራተኛው እንጂ ለባለቤቱ አይሁን። በመንገድ መዘጋት የተጎዳ ፋብሪካ ብድሩ ይራዘምለት ካላችሁም አልቃወምም፣ ስጦታ ግን አይሁን። ስንት እንደወሰደና ምን እንደከፈለ ሁሉም ይወቀው።

ጸሐፊ
እግዜር ይስጥልን። አዲሱ ረቂቅ ይህን ይመስላል፦

«የግብር ከፋዩ ገንዘብ ለከሰረ ድርጅት ባለቤት በድጎማ መልክ አይሰጥ። ድርጅቱ የተጎዳው ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት ከሆነ ብድሩ ይራዘምለት፤ ይህንንም የሚያገኘው ያልከፈለውን ደመወዝና የጡረታ መዋጮ አስቀድሞ ሲከፍል ብቻ ይሁን። መዋጮ ከደመወዙ መቆረጡን በወረቀት ያሳየ ሠራተኛ ወሩ በአገልግሎት ዘመኑ ይቆጠርለት፤ ያልገባውን ከአሠሪው የማስከፈል ሥራ የፈንዱ እንጂ የሠራተኛው አይሁን። ለዚህ የሚውል የዋስትና ገንዘብ አሠሪዎች ያዋጡ። መዋጮው ፈንዱ ዘንድ ሲገባም ሆነ ሦስት ወር ሳይገባ ሲቀር ለሠራተኛው በስልኩ መልእክት ይድረሰው።»

የአዘዞ አባል
«በወረቀት ያሳየ» የሚለው እኔን መልሶ ይጥለኛል። ማኅተም የሌለው ወረቀት አንቀበልም ቢሉስ? የባንክ ደብተርና የሥራ ባልደረባ ምስክርነትም ይካተት። ሦስት ወርም ረጅም ነው፤ በሦስት ወር ውስጥ ባለቤቱ ንብረቱን ሸጦ ይሄዳል።

የሒሳብ ባለሙያ አባል
ልክ ናት። ሦስቱ ወር አንድ ወር ይባል። የባንክ ማስረጃውንም ምስክሩንም አስገባለሁ። እህቴ፣ ወረቀቶችሽን ይዘሽልን ነይ፣ ቅጂያቸውን ስምሽን ሸፍነን ከደብዳቤው ጋር እናያይዛለን።