ክርክር፦ ቤዝመንት የሚያከራይ ሰው ፓርኪንግ እንዲጨምር ይገደድ?

አወያይ፦ በአሜሪካ ሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ ቤዝመንቱን (ምድር ቤቱን) ኩሽናና መታጠቢያ ያለው ራሱን የቻለ መኖሪያ አድርጎ የሚያከራይ ባለቤት ላይሰንስ ማውጣት አለበት። ቤቱ ለብቻው የቆመ መሆን አለበት፤ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዞ ለተሠራ ታውንሃውስ አይፈቀድም። ባለቤቱም እዚያው መኖር አለበት፤ የሚከራየው ክፍል ውስጥ ከሁለት አዋቂ በላይ አይገባም። በተጨማሪ ግቢ ውስጥ አንድ ተጨማሪ የመኪና ማቆሚያ ይጠየቃል። የካውንቲው ምክር ቤት በ2019 ሕጉን ሲያላላ ከሜትሮ፣ ከማርክ (ወደ ዲሲ ሠራተኛ ከሚያመላልሰው ባቡር) ወይም ከፐርፕል ላይን ቀላል ባቡር ጣቢያ በአንድ ማይል ክልል ያሉትን ቤቶች ከዚህ ነፃ አድርጓል። አስፐን ሂል፣ በርተንስቪልና ጀርመንታውን ከሚባሉት የካውንቲው ሰፈሮች ተከራካሪዎች አሉን። ጥያቄው፦ የፓርኪንጉ ግዴታ ለሁሉም ይነሳ ወይስ ባለበት ይቆይ?

የአስፐን ሂሉ፦ ይነሳ። አንድ ማቆሚያ 8.5 በ18 ፊት ብንለው 153 ስኩዌር ፊት ንጣፍ ነው። በሌላ በኩል ያው ካውንቲ መንገድ ዳር ያለው ግቢ አር-90 በሚባለው የመኖሪያ ዞን ከ30 በመቶ፣ አር-60 በሚባለው ከ35 በመቶ በላይ እንዳይነጠፍ ይከለክላል። ግቢው ጠባብ የሆነ ሰው አንዱ ሕግ አንጥፍ፣ ሌላው አታንጥፍ ይለዋል። ቢያነጥፍም ከንብረት ግብር ጋር የሚመጣው የዝናብ ውሃ ክፍያ ውሃ በማያሰርገው ስፋት ስለሚሰላ ሊጨምርበት ይችላል። እንዲህ ሲጠብበት ሰው ማከራየቱን አይተውም፤ የሚተወው ላይሰንሱን ነው። ያን ጊዜ ኢንስፔክተር የማያየው ቤዝመንት ውስጥ ሰው ያድራል።

ከበርተንስቪል፦ ወንድሜ፣ የመንገዱንም ልክ እንቁጠር እንጂ። 26 ፊት ስፋት ባለው የሰፈር መንገድ ላይ ግራና ቀኝ መኪና ሲቆም፣ እያንዳንዱ ወደ 7 ፊት ይወስዳል፤ መሀል የሚቀረው 12 ፊት ነው። የእሳት አደጋ መኪና ሊያልፍ ይችላል፤ ግን በር ከፍቶ፣ ድጋፍ እግሩን ዘርግቶ መሥራት አይችልም። በረዶ በወረደ ማግስት ደግሞ ጠራጊው ክምሩን ወደ ዳር ስለሚገፋው 12 የነበረው የበለጠ ይጠብባል። እኛ ጋ ሜትሮ የለም። ሁለት አዋቂ ተከራየ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መኪና መጣ ማለት ነው።

የጀርመንታውኗ፦ እኔ ደግሞ የአንድ ማይሉ ነፃነት ራሱ በትክክል አልተሰላም ባይ ነኝ። ጀርመንታውን የማርክ ጣቢያ ስላለ በዙሪያው ያለው ቤት ነፃ ነው። ያ መስመር ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ወደ ዲሲ፣ ማታ ወደዚህ የሚሄድ ነው። ቅዳሜ ሌሊት ሆስፒታል ወይም ፓርኪንግ ጋራዥ ተረኛ የሆነ ተከራይ በባቡሩ ምን ያደርጋል? ከእኛ ሰው ስንቱ በፈረቃ እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። ሜትሮ አጠገብ ያለ ቤትና ማርክ አጠገብ ያለ ቤት በአንድ ሚዛን መታየት አልነበረባቸውም።

ግንበኛው፦ ስለ መኪና ተከራከሩ፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ መስኮቱ ነው። መኝታ ክፍል እሳት ሲነሳ ሰው የሚወጣበት መስኮት ያስፈልገዋል። ኮንትራክተሩ «ትንሹ ልክ ወርዱ 20 ኢንች፣ ቁመቱ 24 ኢንች ነው» ይልና ያንኑ ይገጥማል። ሁለቱን አባዙት፦ 480 ስኩዌር ኢንች፣ ማለትም 3.3 ስኩዌር ፊት። የሚፈለገው ክፍተት ግን 5.7 ስኩዌር ፊት ነው፤ ከውጭው መሬት ልክ ብዙ ለማይርቅ መስኮት 5። ወርዱ 20 ከሆነ ቁመቱ ወደ 41 ኢንች መድረስ አለበት ማለት ነው። የሚለካውም መስታወቱ አይደለም፣ ሲከፈት የሚገኘው ባዶ ቦታ ነው። ወደ ላይ የሚንሸራተተው መስኮት ግማሹ ብቻ ስለሚከፈት ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እሱ ነው፤ እንደ በር በማጠፊያ የሚከፈተውን ግዙ። የመስኮቱ ደፍ ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ አይውጣ። መስኮቱ ከመሬት በታች ሲሆን ውጭ የሚቆፈርለት ጉድጓድ ስፋቱ ከ9 ስኩዌር ፊት አይነስ፣ ከግድግዳው ወደ ውጭም ቢያንስ 36 ኢንች ይዘርጋ፤ ጥልቀቱ ከ44 ኢንች ካለፈ መሰላል ይገጠምለት። ጉድጓዱ ከሥሩ ጠጠርና ማፍሰሻ ከሌለው ደግሞ በመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ውሃው በመስኮቱ ይገባል።

የኮንክሪት ግድግዳ ቆርጦ ይህን መሥራት ቀላል ወጪ አይደለም። ሰው ያለውን ገንዘብ ማንም ላያቆምበት ለሚችል ንጣፍ ከሚያወጣ ለመስኮት ቢያወጣ ይሻላል። ስለዚህ ፓርኪንጉ ይነሳ፣ ምርመራው ይጥበቅ።

ከበርተንስቪል፦ መስኮቱ ላይ እስማማለሁ። ነገር ግን አንዱን ለማጥበቅ ሌላውን መፍታት ለምን አስፈለገ?

የአስፐን ሂሉ፦ መሬት ስለሌለ ነዋ! ካውንቲው በ1970 ከ523 ሺህ በታች ሕዝብ ነበረው፤ በ2020 ከ1 ሚሊዮን 62 ሺህ አልፏል። ከ1980 ጀምሮ ደግሞ 93 ሺህ ኤከር፣ ሲሶው ያህል፣ ለእርሻ ተከልሏል። እሱ መልካም ነው፤ ይነካ አልልም። ግን አዲስ የሚመጣ ሰው የሚገባው የተሠራው ቤት ውስጥ ነው። ሀብታም ሰፈር ውስጥ ነርስ ረዳትና የአውቶቡስ ሹፌር የሚያድርበት ሌላ በር የት አለ?

የኢንሹራንሱ ሰው፦ አንድ ነገር ልጨምር። ያለ ላይሰንስ ያከራየ ሰው ለኢንሹራንስ ኩባንያው አስቀድሞ ካልነገረ፣ እሳት ወይም የፍሳሽ መመለስ ሲደርስ ክፍያ ሊከለከል ይችላል። ሬደንንም፣ ከመሬት ወደ ቤት የሚገባውን ጎጂ ጋዝ፣ አትርሱ፤ ቤዝመንት ከመከራየቱ በፊት ይለካ። በጋዙ መለኪያ 4 ፒኮኩሪ በሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ከወለሉ ሥር አየር ስቦ ከጣራ በላይ የሚያወጣ ቱቦና ፋን ይገጠማል። ለተከራዩ ጤና ከአንድ የመኪና ማቆሚያ ይልቅ ይሄ ይቀድማል።

የጀርመንታውኗ፦ ሁላችሁም የዘለላችሁት አለ። ፓርኪንጉን ማሟላት ያልቻለ ሰው ዛሬም መንገድ አለው፤ የመሬትና የቤት አጠቃቀም ጉዳይ ለሚያየው ለካውንቲው የዞኒንግ ችሎት ማመልከት ይችላል። የሚታየው በ300 ፊት ውስጥ መንገድ ላይ በቂ ቦታ መኖሩና ጎረቤት ቤቱ አጠገብ እንደወትሮው ማቆም መቻሉ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ቤቱ በሚገባበት ሰዓት፣ ሥራ ቀን ማታና እሑድ ጠዋት፣ ፎቶ ይነሳ፤ ክፍት ቦታው ይቆጠር፤ ሰዓቱና ቀኑ ይጻፍበት። ቀን በስድስት ሰዓት የተነሳ ባዶ መንገድ ማንንም አያሳምንም።

ከበርተንስቪል፦ ይህ ጥሩ ነው፤ እኔም የምፈልገው መንገዱ ታይቶ እንዲወሰን ነው። ሰፊ መንገድ ላይ ይፈቀድ፣ የእኛን በመሰለው አይፈቀድ።

የአስፐን ሂሉ፦ ችሎቱ የሚካሄደው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለችሎት ሲባልም ከሥራ መቅረት አለ። ሁለት ፈረቃ የሚሠራ ባለቤት ይህን ሁሉ ከሚያልፍ ዝም ብሎ ማከራየቱን ይመርጣል። ሸክሙ ይገልበጥ፦ መንገዱን ካውንቲው ራሱ ይለካ፤ ጠባብ የሆነውን በካርታ ያሳውቅ፤ ከዚያ ውጭ ያለው ባለቤት ፓርኪንግ አይጠየቅ።

ግንበኛው፦ በዚህ እኔም አለሁ፤ ካርታው ሲሠራ የእሳት አደጋ ሰዎች አብረው ይለኩ።