ደህናውን ጡቴንም ላስወጣው?

የማራኪዋ፦
እህቶቼ እንደምን ናችሁ? 43 ዓመቴ ነው፣ ጎንደር ማራኪ ነው የምኖረው። ግራ ጡቴ በካንሰር ከወጣ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ኬሞውንም ጨረሩንም ጨርሻለሁ፣ አሁን ካንሰሩ እንዳይመለስ ታሞክሲፈን የሚባለውን ክኒን እየዋጥኩ ነው። እናቴንም የቀጠፋት ይኸው በሽታ ነው። አሜሪካ ያለችው ታናሼ ስትመረመር ቢአርሲኤ 1 የሚባለው ዘረመል ላይ ለጡት ካንሰር የሚያጋልጥ፣ በዘር የሚወረስ ችግር ተገኘባትና ሁለቱንም አስወጥታ በሲሊኮን አስተካከለች። በደወለች ቁጥር «ሳይቀድምሽ ቅደሚው» ትለኛለች።

ግራው ሲወጣ ምርጫ አልነበረኝም። ቀኙ ግን ምን አደረገኝ? ሦስት ልጆች ያጠባሁበት ነው። በግራው በኩል ጡት መያዣዬ ውስጥ ጥጥ ጠቅልዬ አደርጋለሁ። የጥምቀት ዕለት ፋሲለደስ መዋኛው ጋ ግፊያው ውስጥ ጥጡ ወደ አንገቴ ወጣብኝ። ነጠላዬን እስከ አገጬ ስቤ፣ ታቦቱ እስኪያልፍ እጄን ከደረቴ ሳላነሳ ቆምኩ።

ያስወጣችሁ ካላችሁ፣ አልተጸጸታችሁም? ጨረር የነካው ቆዳስ ሲሊኮን ይቀበላል?

ነርሷ፦
እህቴ፣ አስቀድመሽ ዘረመሉን አንቺው ተመርመሪ። የታናሽሽ ውጤት ያንቺ አይደለም። ችግሩ ከሌለብሽ፣ በ10 ዓመት ውስጥ በቀኙ አዲስ ካንሰር የሚነሳባቸው ከ100 ሴቶች አምስት ቢሆኑ ነው። ካለብሽ ግን በ20 ዓመት ውስጥ ወደ 40 ይጠጋል። ቀኙን ማስወጣት የግራው ካንሰር ሌላ ቦታ እንዳይነሳ አያግድም፤ ስለዚህ ታሞክሲፈኑን እንዳታቋርጪ። ደግሞም የቢአርሲኤ 1 ችግር ከተገኘብሽ ለኦቫሪ (ለእንቁላል ማፍሪያ) ካንሰርም ስለሚያጋልጥ፣ ከጡቱ ይልቅ የኦቫሪሽ ነገር ያስቸኩላል። የኦቫሪ ካንሰር ቀድሞ በምርመራ አይያዝም፣ በዕድሜሽም ማስወጣቱ ይመከራል። ይህን ማንም ያነሳልሽ አልመሰለኝም።

ሁለቱንም ያስወጣሁ፦
እኔ ውጭ አገር ነው የተሠራሁት። ጨረር በነካው በኩል ሲሊኮኑ እንደ ድንጋይ ጠነከረና አውጥተው ከሆዴ ቆዳና ስብ ወስደው ሠሩልኝ። ከእምብርቴ በታች ከዳር እዳር ጠባሳ ነው። ሁለት ወር ሙሉ አክንባሎ እንኳ አላነሳሁም። ሲያዩት ያምራል፣ ግን ስሜት የለውም፤ ልጄን ሳቅፋት ሙቀቷ ደረቴ ላይ አይሰማኝም። ዘረመሉ ስላለብኝ አልተጸጸትኩም። ሰው ስለወተወተኝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን አላደርገውም ነበር። ጡት ማሠራቱ ከዓመታት በኋላም ይቻላል፣ አትቸኩዪ።

የአዘዞዋ፦
ስለ ጥጡ ልንገርሽ። ጥጥ ክብደት ስለሌለው ነው ወደ ላይ የሚወጣው። በስስ ጨርቅ ከረጢት ተልባ ሙይበትና ጡት መያዣሽ ውስጥ ኪስ አሰፊለት። የእናቴን እንዲህ ነው የሠራሁላት፤ ስትሰግድም አይንቀሳቀስም።

የማራኪዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እውነትም የኦቫሪውን ነገር ታናሼም አላነሳችልኝም። ማታ ደውዬ የውጤቷን ወረቀት ፎቶ አስላክኋት፣ ለክትትል ስሄድ ለሐኪሙ አሳየዋለሁ። እሱ ሳይታወቅ ቀኙን አላስነካም። ተልባውን ለቅሜ ጨርሻለሁ፣ ነገ ልብስ ሰፊ ጋ እሄዳለሁ።