ያላለቀ ልብወለድ ግሩፕ ላይ ይለቀቅ? የድሬ አንባቢዎች ክርክር

አስተባባሪ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን በውስጥ መስመር የምትልኩልኝን ሁሉ እዚሁ እናውጣው። ነገሩን ላልተከታተለ ባጭሩ ይሄ ነው። ደራሲያችን ሁለተኛ ልብወለዷን በራሷ ወጪ አሳትማ ለገበያ አውጥታለች። ብዙም ሳይቆይ አንድ ቻናል መጽሐፉን ከሽፋን እስከ ሽፋን ስካን አድርጎ ለቀቀው። ሦስተኛውን ደግሞ እየጻፈች ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች እንደጻፈች እዚህ ግሩፕ ላይ ስትለቅልን ነበር። አሁን ትቀጥል ወይስ መጽሐፉ አልቆ እስኪታተም ታቁም? መጀመሪያ እሷ ትናገር።

ደራሲዋ፦
አመሰግናለሁ። የት እንደደረስኩ ልንገራችሁ። አዲሱ ልብወለድ ከግማሽ አልፏል። ድሬዳዋን አቋርጦ በሚያልፈው በደቻቱ ወንዝ ዳር ስለሚኖር አንድ ቤተሰብ ነው። አባትየው ዕድሜውን በሙሉ ምድር ባቡር የሠራ ሰው ነው፣ ባቡሩ ሲዳከም እሱም አብሮ የተዳከመ። ታሪኩ አሁን ሐምሌ 29 ቀን 1998 ላይ፣ የደቻቱ ጎርፍ ድሬን በሌሊት የመታበት ቀን ላይ ደርሷል። ቀኑን ጽፌዋለሁ። ገበያውን፣ ሙቀቱን፣ ልጆቹ በደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ሲጫወቱ። ሌሊቱ ነው ያቃተኝ። እየጻፍኩ እሰርዛለሁ።

ምን እያነበብሽ ነው ላላችሁኝ፣ ሰሞኑን የያዝኩት የግብፃዊውን ደራሲ የናጊብ ማህፉዝን የካይሮ ሦስት ቅጾች ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 እና 1957 የወጡ ናቸው፣ ሦስቱም በካይሮ ሰፈርና መንገድ ስም የተሰየሙ። የእንግሊዝ ወታደር፣ ሰልፉ፣ ጦርነቱ፣ ሁሉም የሚታየው አንድ ቤተሰብ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነው። አባትየው ምሳ ላይ ሲቆጣ የዘመኑ ፖለቲካ እዚያው ማዕድ ላይ ይመጣል። የኛን የድሬ ሰፈሮች፣ ከዚራን፣ መጋላን፣ ገንደ ቆሬን እንደዚያ መጻፍ ነው የምመኘው።

ወደ ጥያቄው ስመጣ ልቤ ሁለት ቦታ ነው። ምዕራፍ ስለቅ የምታመጡልኝን ነገር የትም አላገኘውም። ግን የታተመውን መጽሐፌን በስልክ ላይ ሳየው ደግሞ፣ ያላለቀውን በገዛ እጄ ለምን እሰጣለሁ እላለሁ። እስቲ ንገሩኝ።

መጽሐፍ ሻጩ፦
አቦ ይቁም! እኔ መጋላ ነው የምሸጠው፣ ነገሩን በየቀኑ አየዋለሁ። ሰው ይመጣል፣ መጽሐፉን ያገላብጣል፣ የጀርባውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያነባል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ስልኩን አውጥቶ ሽፋኑን ፎቶ ያነሳል፣ ከዚያ “መጣሁ” ብሎ ይሄዳል። ለምን ፎቶ እንዳነሳ አውቃለሁ። ማታ ቻናል ለቻናል እየዞረ በስሙ ሊፈልገው ነው።

ወረቀት ከውጭ ነው የሚገባው። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይተመን ከተባለ ወዲህ ማተሚያ ቤት የሚጠራውን ዋጋ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ደራሲ ቀብድ ከፍሎ፣ አሳትሞ፣ ካዲሳባ እዚህ ድረስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ አስጭኖ፣ የአከፋፋይና የኛን የሻጮቹን ኮሚሽን አስነስቶ የምትተርፈውን ነው ሌባው ቻናል የሚበላው። እሱ ላይ ደግሞ ገና ያልታተመውን በነፃ ልበትን ካለች ሦስተኛውን በምን ታሳትማለች?

የሳቢያን ልጅ፦
ጋሼ ያልከው ገብቶኛል፣ ግን አንድ ነገር ረሳህ። እኔ ተማሪ ነኝ። እሷን ያወቅኳት እዚህ ግሩፕ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ አነበብኩ፣ ጠዋት ለጓደኞቼ አነበብኩላቸው። ከዚያ አዋጥተን ሁለተኛውን መጽሐፍ ካንተው ሱቅ ገዛን። ምዕራፍ ባትለቅ ኖሮ ስሟንም አላውቅም ነበር። ፒዲኤፍ የሚያነብ ሁሉ ሌባ ነው ማለት ደግሞ ልክ አይደለም። አዲስ መጽሐፍ አዲሳባ ሲወራ እኛ ጋ ስንት ጊዜ ቆይቶ ነው የሚደርሰው? ሲደርስም ሁለት ሦስት ኮፒ ነው። እሷ ራሷ ከለቀቀችው ግን የሌባ ቻናል ምን ያደርግልናል?

መምህሩ፦
የሳቢያኑ ልጅ የያዘው ሐሳብ ሥር አለው። “ፍቅር እስከ መቃብር” በ1958 ታተመ፤ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ በተከታታይ ሲያነበው ስንቱ ሰው ሬዲዮ ከብቦ እንደሰማው ወላጆቻችሁን ጠይቁ። በነፃ ነው የተሰማው። መጽሐፉን ገደለው? ዛሬም እየታተመ ይሸጣል፣ ዛሬም ድምፁን የሰማ ሰው መጽሐፉን ይገዛል። የዶስቶየቭስኪ “ወንጀልና ቅጣት”ም እ.ኤ.አ. በ1866 መጀመሪያ የወጣው መጽሔት ላይ በየወሩ እየተቆረጠ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብወለድ የጻፈው አፈወርቅ ገብረኢየሱስ፣ በኋላ እዚሁ ድሬዳዋ ጉምሩክ ላይ ነጋድራስ የሆነው ሰው፣ መጽሐፉን በ1900 ዓ.ም. ያሳተመው ሮም ነው። ያማርኛ ልብወለድ ሲጀመርም ከአንባቢው ርቆ ነው የታተመው። እስካሁንም የድሬ ደራሲ የድሬን አንባቢ የሚያገኘው አዲሳባ ደርሶ ተመልሶ ነው። አሁን ጎረቤቷ ጋ በቀጥታ የምትደርስበት መንገድ ተገኝቷል፣ እሱን ዝጊ እንበላት?

የሐረሯ አንባቢ፦
ቲቸር ይቅርታ፣ ምሳሌህ ከሳሽህ ሆኖ ይቆማል። ዶስቶየቭስኪ ለየወሩ ጽሑፍ ከመጽሔቱ ገንዘብ ይቀበል ነበር፣ ይኖር የነበረውም በሱ ነው። ወጋየሁ ያነበበው ደግሞ ያለቀ፣ የታረመ፣ የታተመ መጽሐፍ ነው። ደራሲው ገና ሲጽፍ አንድ ሚሊዮን ሰው ትከሻው ላይ ተቀምጦ “እንዲህ አድርግ” አላለውም። የኛ ግሩፕ ግን ለእህቴ አይከፍላትም፣ ትከሻዋ ላይ ግን ተቀምጧል። ላይክ የማተሚያ ቤት ዕዳ አይከፍልም።

ደግሞ ገንዘቡን ተዉት፣ እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው። ባለፈው ምዕራፍ ሥር የተጻፈውን ተመልሳችሁ አንብቡ። ትንሿን ልጅ ሁላችሁም ወደዳችኋት፣ እኔም ወድጃታለሁ። “እንዳትገያት”፣ “እሷ ከሞተች ከግሩፑ እወጣለሁ”፣ “ፕሊስ እሷን ብቻ አትርፊልን” የሚል ስንት መልእክት አለ? እህቴ ሌሊቱን መጻፍ አልቻልኩም ያለችው ለምን ይመስላችኋል? በዚያ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ነው የሞተው፣ ሺዎች ናቸው የተፈናቀሉት። አንባቢ የወደደው ሁሉ የሚተርፍበት የደቻቱ ሌሊት ከተጻፈ፣ ያ ውሸት ነው። ላለቀሱት ሰዎችም ስድብ ነው። ደራሲ ብቻውን ሆኖ፣ ማንም ሳይለምነው፣ ማን እንደሚሞት መወሰን አለበት።

ያነሳሽው ማህፉዝ ራሱ ይሄን አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1959 አንድ ልብወለዱ አል አህራም ላይ በተከታታይ ሲወጣ የሃይማኖት ሰዎች ተነሱበት። ጋዜጣው እስከ መጨረሻው አወጣው፣ ግን በሕይወት እያለ አገሩ ላይ በመጽሐፍ መልክ በሕጋዊ መንገድ አልታተመለትም፣ ቤይሩት ነው የታተመው። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ በዚያው መጽሐፍ ሰበብ አንድ ወጣት አንገቱን በስለት ወጋው። የኛ ግሩፕ እዚያ ደርሷል አላልኩም። ያላለቀ ሥራ ሕዝብ ፊት ሲቆም ፍርዱ ከሥራው ይቀድማል ነው የምለው።

ሕግ የተማረው፦
አንድ ነገር ላስተካክል፣ ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ሲጠይቀኝ ነበር። ግሩፕ ላይ መልቀቅ መብት አያሳጣም። የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 ለሥራው ጥበቃ የሚሰጠው ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ነው፣ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ረቂቅም ሥራ ነው። አስቦ የጣሰ ሰው በወንጀል ተጠይቆ እስራት ይጠብቀዋል። ለራሴ ብዬ ነው ኮፒ ያደረግኩት የሚለውም ሙሉ መጽሐፍ ላይ አይሠራም። ችግሩ ሕጉ ላይ ሳይሆን ተከሳሹ ላይ ነው። የቻናሉ ባለቤት ማነው? የት ነው ያለው? ስም የሌለው ሰው ላይ ክስ ሲመሠረት ደራሲዋ ራሷ መርማሪ ትሆናለች።

የሳቢያን ልጅ፦
እንዴ! ስለ ትንሿ ልጅ የጻፍነው እኮ ፍቅር ነው። ደራሲ አንባቢ ሲወድለት ደስ አይለውም?

የሐረሯ አንባቢ፦
ደስ ይለዋል ወንድሜ። ችግሩም እሱ ነው።

የደቻቱ እናት፦
እኔ ብዙ አልጽፍም፣ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ሁላችሁም ስለ ገንዘብና ስለ ሕግ ታወራላችሁ። ያ ሌሊት ግን የኛ ነው። እኔ ከዚያ ሌሊት ተርፌያለሁ፣ ጎረቤቶቼ አልተረፉም። መጽሐፍ ሆኖ አገር ሁሉ ካነበበው በኋላ “እንዲህ አልነበረም” ብል ማን ይሰማኛል? ስለዚህ ሳይታተም ላየው እፈልጋለሁ። ትልቀቀው።

ውሃው ሲመጣ እኛ ጋ ይሄን ያህል አልዘነበም ነበር። ዝናቡ የነበረው ከኛ በላይ፣ ደንገጎ ተራራው ላይ ነው። እኔን የቀሰቀሰኝ የውሃ ድምፅ አይደለም፣ የድንጋይ ድምፅ ነው። ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ፣ ከባድ መኪና የመጣ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የአፈር ሽታ መጣ፣ እርጥብ አፈር፣ ቤቱ ውስጥ። ውሃው ገና አልገባም፣ ሽታው ቀደመ። ይሄን ጻፊው። ሰው ሲያወራ ጩኸቱን ነው የሚያወራው። መጀመሪያ ግን የሽታው ጊዜ ነበር፣ ሁላችንም ዝም ብለን ተያየን።

ደራሲዋ፦
እትዬ አመሰግንሻለሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያነበብኩት።

መጽሐፍ ሻጩ፦
እትዬ ያለችው ላይ ምንም ማለት አይቻልም። ግን ይሄን ለመስማት ምዕራፉን አምስት ሺ ሰው ላለበት ግሩፕ መልቀቅ የግድ ነው? እሷ ቤት ሄዶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ አፍ ለአፍ መስማት አይቻልም?

መምህሩ፦
እትዬ እኮ የተናገረችው ምዕራፉ እዚህ ስለተለቀቀ ነው። ደራሲዋ ማንን ማነጋገር እንዳለባት በምን ታውቅ ነበር? ሰዎቹ ራሳቸው የመጡት እዚህ ስላነበቡ ነው። እሱን መንገድ ከዘጋን ልብወለዱ ከጋዜጣ ዜናና ከቁጥር ይጻፋል።

የሐረሯ አንባቢ፦
ቲቸር እዚህ ላይ ተስማማሁ፣ በግማሹ። እትዬን መስማት ግዴታዋ ነው። እትዬ ግን ረቂቁን አይታ “ይሄን አውጪው” ብትላትስ? ሌላው የተረፈ ሰው መጥቶ “አባቴን የሚመስለውን ሰውዬ ለምን ሰካራም አደረግሽው” ቢልስ? ያየ ሰው ምስክርነቱን ይሰጣል፣ ብዕሩን ግን አይይዝም። ይሄ ካልተለየ መጽሐፉ የኮሚቴ መጽሐፍ ይሆናል።

የደቻቱ እናት፦
ብዕሯን አልያዝኩም ልጄ። ግን በኔ ሌሊት ላይ ዝም በይ ልትይኝም አትችዪም። ሰካራም ከነበረ ሰካራም ትበለው። ነገር ግን የሞተን ሰው የምትጽፍ ሰው በር አንኳኩታ መግባት አለባት።

ደራሲዋ፦
ሁሉንም ደጋግሜ አነበብኩት። የወሰንኩትን ልናገር።

ከጎርፉ ሌሊት ጀምሮ ያለውን ግሩፕ ላይ አልለቅም። እስካሁን የለቀቅኩት ይቆይ፣ አላጠፋውም፣ አዲስ ሰው ሲመጣ ያንብበው። ያቆምኩት በሌባው ቻናል ምክንያት አይደለም። እሱ የታተመውንም ይሰርቃል፣ ማቆሜ እሱን አያስቆመውም። ያቆምኩት የሐረሯ እህቴ ባለችው ነው። ትንሿን ልጅ በተመለከተ የጻፋችሁልኝን ካነበብኩ በኋላ ስጽፍ የነበረው ለናንተ ነው፣ ለሷ አይደለም። ሌሊቱ ያቃተኝም በዚያ ነው፣ የምትፈልጉትን እያወቅኩ ሌላ መጻፍ ከበደኝ።

ግን የእትዬንም ቃል አልጥልም። ሌሊቱን ጽፌ ስጨርስ ይዤው ደቻቱ ዳር እመጣለሁ፣ የነበሩት ሰዎች ባሉበት ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። የሚሉትን እሰማለሁ። ነገሩ እንዴት እንደነበር ካሳሳትኩ አስተካክላለሁ። ማን እንደሚሞት ማን እንደሚተርፍ ግን የኔ ነው፣ እሱን ከወዲሁ እናገራለሁ።

የሐረሯ አንባቢ፦
ፊታቸው ላይ እያነበብሽ ይሄን ውሳኔሽን ማስከበር ግሩፕ ላይ ከማስከበር ይከብዳል። አስቢበት።

ደራሲዋ፦
ይከብዳል። ቢሆንም እመጣለሁ።

የሳቢያን ልጅ፦
እኔ አልተስማማሁም። ለተማሪ የተዘጋ በር ነው። እሺ፣ እትዬ ጋ ሲነበብ እኛም እንምጣ?

የደቻቱ እናት፦
ኑ። መቀመጫ ግን ይዛችሁ ኑ።

መጽሐፍ ሻጩ፦
እኔ ደግሞ የምችለውን ላምጣ። ዛሬ ደብተር ከፍቻለሁ። ሦስተኛውን መጽሐፍ አስቀድሞ ለመግዛት የፈለገ ስሙን ያስመዘግብ፣ ቀብድ ይክፈል። ብሩ በቀጥታ ለሷ ለማተሚያ ነው የሚሄደው፣ መጽሐፉ ሲመጣ በደብተሩ ተራ ይሰጣል። ኮሚሽኔን ከነዚህ ላይ አልወስድም።

የሳቢያን ልጅ፦
ጋሼ ለተማሪ በሁለት ጊዜ ይከፈላል?

መጽሐፍ ሻጩ፦
ይከፈላል። ከዐስር ሰዓት በኋላ ና፣ ቀትር ላይ ሱቅ እንደማልከፍት ታውቃለህ።