የትምህርት ቤት መልእክት ለገጠር ወላጅ በጊዜው የሚደርሰው በምን መንገድ ነው? (ሰሜን ሸዋ)

ጸሐፊ_ወተመህ

ሰላም ለሁላችሁ። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት (ወተመህ) ጸሐፊ ነኝ። ባሶና ወራና ውስጥ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ነው። ተማሪው 320፣ ቤተሰቡ 210 ያህል፣ የሚመጡት ከሰባት ጎጥ ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ ጠዋት በሰልፍ ላይም ይነገራል። ስብሰባ ሲጠራ ግን የሚመጡት ቅርብ ያሉት ሁለት ጎጦች ብቻ ናቸው። አሁን አንዳንዱ ሰው የቴሌግራም ቻናል ይከፈት ይላል። ወረቀት፣ ስልክ ወይስ በቃል ማስነገር? የስኩል ግራንቱ (ለትምህርት ቤቱ ሥራ ማስኬጃ የሚሰጠው ገንዘብ) ጠባብ ስለሆነ ወጪውን ጨምራችሁ ብትነግሩን።

ርዕሰ መምህር_መንዝ

ቻናሉን ለጊዜው አቆዩት። መጀመሪያ የወላጅ መዝገቡን በክፍል ሳይሆን በጎጥ እንደገና ጻፉት። ለአንድ ጎጥ አንድ ገጽ፤ በየመስመሩ የአሳዳጊው ስም፣ እዚያ ቤት ያሉት ልጆች ከነክፍላቸው፣ ስልክ ካለ የማን እንደሆነ (የአባት ነው፣ የእናት ነው፣ የጎረቤት ነው)፣ ቤቱ ውስጥ ማንበብ የሚችል ሰው መኖር አለመኖሩ። ይህ የሚሞላው ምዝገባ ላይ ወላጁ ራሱ ሲመጣ ነው። ያ ካመለጠ በኋላ ልጆቹን መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው፤ የአባቱን ስልክ በቃሉ የያዘ የ2ኛ ክፍል ልጅ ብርቅ ነው።

መዝገቡ ካለ ወረቀቱም ይቀንሳል። አንድ ኤፎር ለአራት ይቆረጣል። ለተማሪው ሁሉ ስትሰጡ 80 ወረቀት ይፈጃል፤ ለየቤቱ አንድ ከሆነ 53 ይበቃል። የሚይዘው ልጅ ከየቤቱ ከፍ ያለ ክፍል የሚማረው ነው፤ ታናናሾቹ ለማን እንደተሰጠ ብቻ ይነገራቸዋል። ከሥር የመቁረጫ መስመር አድርጉና የአሳዳጊ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ አርፎበት በሁለተኛው ቀን ይመለስ። ያልመለሰውን የክፍሉ ስም ጠሪ መምህር መዝገቡ ላይ ምልክት ያደርግበታል። ከአንድ ጎጥ ከግማሽ በላይ ሳይመለስ ከቀረ ልጆቹን አትቆጡ፤ ወይ ወረቀቱ ሳይታደል ቀርቷል፣ ወይ ቀኑ ለዚያ ጎጥ አይመችም። ቁራጩ ኪስ ከገባ ደግሞ አበቃለት፣ ማታ የሚወጣው ተጨማድዶ ነው። ደብተር ሽፋን ላይ በሙጫ ጠርዙን ብቻ ያዝ አድርጉት።

ስለ ቀን፦ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ በሥራ ቀን የጠራችሁት ስብሰባ ባዶ ይቀራል። ገበሬው በሬ የማይጠምድበትን ቀን ምረጡ፤ እሁድ፣ ወይም ወር በገባ በ12፣ በ21፣ በ27፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ። ኅዳር 12 እና 21 ግን ዓመታዊ ክብረ በዓል ስለሆኑ አይሆኑም፣ ሰው ንግሥና ዝክር ላይ ነው። በቀወትና በኤፍራታ በኩል ሙስሊም ወላጅ ስላለ አርብ ከጁምዓ በኋላ ማስነገር አይዘለልም። በእድሩ ለፋፊ ማስነገርም ይሠራል፤ ጥሩምባ ግን አይነፋ፣ ሰው ለቅሶ መስሎት ይደነግጣል።

ሚኒሚዲያ_አስተባባሪ

በስልክ ለምትልኩት፦ በእኛ ፊደል የተጻፈ አጭር መልእክት አንዱ የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው። በላቲን ቢጻፍ 160 ይይዛል። ባዶ ቦታውም አራት ነጥቡም ይቆጠራል። ከ70 ካለፈ እያንዳንዱ 67 ፊደል እየያዘ ይቆራረጣል፣ ሒሳቡም እንደ ቁራጩ ብዛት ነው። «የተከበራችሁ ወላጆቻችን እንደምን ሰነበታችሁ» ብሎ ጀምሮ 150 ፊደል የጻፈ ሰው የሦስት መልእክት ይከፍላል፤ ለ210 ቤተሰብ 630 መልእክት ማለት ነው። ሰላምታው ለስብሰባው ይቆይ። እንዲህ አሳጥሩት፦

የወላጆች ስብሰባ እሁድ ኅዳር 14 ከጠዋቱ 4፡00 በትምህርት ቤቱ። አንድ ወላጅ ይምጣ። ወተመህ

60 ፊደል ነው። መጨረሻው ላይ ላኪው ማን እንደሆነ ካልተጻፈ ከማያውቁት ቁጥር የመጣ ነው ብለው ያጠፉታል። የዕለቱ ስምና ቀኑ አብረው ይጻፉ፤ ስልኩ ላይ ያለው ቀን የፈረንጅ ስለሆነ «በ14» ብቻ ያለው ያምታታል። «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ሳይባል ሰዓት ብቻ መጻፍም እንደዚሁ። አንዳንድ ባለ ቁልፍ ስልክ ደግሞ ፊደላችንን ሳጥን ሳጥን አድርጎ ነው የሚያሳየው። መዝገቡ ላይ እነሱን ለይታችሁ ምልክት አድርጉባቸው፣ ለእነሱ ደውሉ። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ለገጠር ወላጅ መላክ ግን ድካም ነው፣ የሚያነብላቸው ልጅ ራሱ ይደናበራል።

ስም ጠሪ_4ለ

ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ላሉት ወረቀት ማባዛት ለምን አስፈለገ? ሰሌዳ ላይ ይጻፍና የእጅ ጽሕፈት ክፍለ ጊዜ ላይ ይገልብጡት። መምህሩ ዞር ዞር ብሎ የሚያርመው ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ብቻ ነው፤ 4ን 9 አድርጎ የሚጽፍ ልጅ አይጠፋም። ለ1ኛና ለ2ኛ ግን ወረቀት ይሰጥ፣ ያውም ታላቅ ለሌላቸው ብቻ።

ይዘቱ ላይም ችግር አለ። የትል መድኃኒት የሚሰጥበት ቀን ሲነገር «ልጆቻችሁን ላኩ» ብቻ ተብሎ ይታለፋል። ቁርስ በልተው ይምጡ የሚለው መጀመሪያ መጻፍ አለበት፤ በተለይ የቢልሃርዚያው ክኒን በባዶ ሆድ ከተወሰደ ያቅለሸልሻል፣ ራስ ያዞራል፣ አንዱ ልጅ ሲያስመልስ ያዩት ሌሎቹም አንወስድም ይላሉ። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ስለሆነ ትልልቆቹ ሳይበሉ ይመጣሉ። ጤና ኤክስቴንሽኗን አነጋግራችሁ ወይ ከጾሙ በፊት አድርጉት፣ ወይ ለጿሚዎቹ በልተው የሚመለሱበትን ሰዓት ለይታችሁ ጻፉ። ክትባት ከሆነ ደግሞ ዕድሜው በዓመት ተለይቶ ይጻፍ፤ «ለሴት ተማሪዎች» ብሎ መተው ወላጁን ለጥርጣሬና ለወሬ ይዳርገዋል።

ጸሐፊ_ወተመህ

የጎጥ መዝገቡን እንጀምራለን። የአጥር መዋጮ ጉዳይስ? ወላጁ ስብሰባ ሲባል ገንዘብ ሊጠየቅ ነው ብሎ ነው የሚቀረው። ቻናሉንም ከከፈትን እንዴት እንክፈተው?

ቦርድ_አባል

ወላጁ አልተሳሳተም፣ የሚጠራው ሲፈለግ ብቻ ከሆነ ሌላ ምን ያስብ? የሚከተለው ስብሰባ ጥሪ ላይ መዋጮ አታንሱ፤ ይልቅ ያለፈው ምን ላይ እንደዋለ ጻፉ። በሦስት መስመር ያልቃል፦ ስንት ተሰበሰበ፣ በምን ወጣ፣ ስንት ቀረ። በዓይነት የሰጠም አይረሳ፤ ባሕር ዛፍ፣ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ ያመጣ ሰው ንብረቱ በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ሆኖ ኮፒው ይሰጠው፣ ብዛቱም ሰሌዳ ላይ ይውጣ። መጠኑን የሚወስነው ጉባኤው ነው፤ ያልከፈለ ልጅ ከክፍል አይመለስም የሚለውም በግልጽ ይጻፍ። ያልከፈሉትን ስም ዝርዝር መለጠፍ ግን ጠብ ነው የሚያመጣው፣ በሚቀጥለው ጊዜ የከፈለውም አይመጣም።

ቻናል ስትከፍቱ ግሩፕ ሳይሆን ቻናል ይሁን። ግሩፕ ውስጥ ሁሉም ይጽፋል፤ በሳምንቱ የበዓል ካርድና የሰላምታ ፎቶ ይሞላውና የስብሰባው ቀን ከሥር ይቀበራል። ቻናል ላይ የሚለጥፈው አስተዳዳሪ ብቻ ነው፣ ተከታዮቹም አንዱ የሌላውን ማንነት አያዩም። ሁለት አስተዳዳሪ ይበቃል፣ ርዕሰ መምህሩና የወተመህ ጸሐፊው። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ሲዛወር ቻናሉን ይዞት ይሄዳል። ማህተም ያለበትን ደብዳቤ ፎቶ አንስታችሁ ብቻ አትለጥፉ፤ ኔትወርኩ ደካማ በሆነበት ፎቶው እየዞረ ይቀራል፣ ጽሑፉ ግን ይገባል። ጽሑፉን አስቀድሙ፣ ፎቶው ይከተል። ቀኑ ያላለፈውን ማስታወቂያ ፒን አድርጉት (ከላይ ተሰክቶ እንዲታይ)፣ ሲያልፍ አንሱት። የልጆች ውጤትና ደረጃ፣ የፊት ፎቶም እዚያ አይለጠፍ፤ ካርድ ለአሳዳጊው በእጁ ነው የሚሰጠው።

ቻናሉ የሚደርሰው ዳታ ላለው ሰው ነው። ስለዚህ እዚያ የወጣው ሁሉ በዚያው ቀን ሰሌዳው ላይም፣ በቁራጭ ወረቀቱም ላይ ይውጣ፤ ቃሉም ቀኑም አንድ ይሁን። ቻናሉ ላይ ቀን ቀይራችሁ ወረቀቱን ካላረማችሁ ሩቅ ካለው ጎጥ ሁለት ሰዓት የተጓዘ ሰው ዝግ በር ያገኛል። ቀን ከተቀየረ ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት፣ በሁሉም መንገድ፣ «ተቀይሯል» የሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ ተጽፎ ይውጣ።