ባሕር ዳር የመጣ እንግዳ የት ይብላ? ሐይቁ ዳር ወይስ ሰፈር ውስጥ?

ባለ ጥያቄው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአዲስ አበባ ዘመድ ሲመጣብን ሁላችንም የምናደርገው አንድ ነው። ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ይዘነው ወደ ጣና ዳር እንወርዳለን። ዓሣ እናዛለን፣ ፎቶ እናነሳለን፣ ሒሳቡ ሲመጣ "እኔ ልክፈል፣ ተው አንተ" እንባባላለን። የእኔ አቋም ሌላ ነው። እንግዳ ምሳውን ሰፈር ውስጥ ይብላ። ሐይቁን ከምሳ በኋላ ቡና እየጠጣ ይየው።

ሐይቁ ዳር ያለው ወንበር ዋጋ አለው። ያ ዋጋ የሚጫነው ዓሣው ላይ ነው። 15 በመቶ ቫት ይመጣል፤ አንዳንዱ ቤት ደግሞ የአገልግሎት ብሎ 10 በመቶ ይጨምርበታል። ሜኑው ላይ ያየኸውና መጨረሻ ላይ የምትከፍለው አይገናኙም። ሰፈር ውስጥ የምትከፍለው ለበላኸው ነው።

ነገሩን ያነሳሁት ለጨዋታ አይደለም። መንገድ ሲሰፋ፣ የኮሪደር ሥራ ሲመጣ፣ መጀመሪያ የሚነሱት መንገድ ዳር ያሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች ናቸው። ደንበኛቸው አንዴ ከተበተነ መልሶ አይሰበሰብም። ስለዚህ የምትወዱትን ቤት ንገሩን፤ ከተማው ለእነሱ ምን ቦታ ይስጥ የሚለውንም እንነጋገርበት። የባለቤቶቹን ስም አትጻፉ። ሰፈሩና የሚበላው ይበቃል።

ከእኔ ልጀምር። ሽምብጥ ውስጥ ረቡዕና ዓርብ በየዓይነቱ የምበላበት ቤት አለ። በሩ ላይ ምንም አልተጻፈም። እንጀራው ጤፍ ላይ ትንሽ ዳጉሳ ስለገባበት ጠቆር ይላል። ሽሮው እየተንተከተከ መሐሉ ላይ ይገለበጣል። ዙሪያውን ምስር፣ ጎመን፣ ድንች በካሮት፣ ቀይ ስር። ዳር ላይ በማንኪያ ጫፍ ስልጆ ጠብ ትደረጋለች። ሴትየዋ ስልጆውን ራሷ ነው የምታዘጋጀው። የባቄላውን ዱቄት ታበስላለች፣ ሱፍ ትጨምራለች፣ ስናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ታገባበትና ለቀናት ታብላላዋለች። አንዴ ጎረስ ስታደርገው አፍንጫህን ሰንጥቆ ይወጣል። ሽሮው ሲያልቅ ደግሞ ሳትጠይቅ ይጨመርልሃል። ይህንን የትኛው ሜኑ ላይ ታገኛለህ?

የፔዳ ተማሪ፦
እኔ ነን ካፌ ነኝ። ማለት ፔዳ በሚባለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አልበላም፤ የምግቡን ብር በየወሩ ተቀብዬ ውጭ ነው የምመገበው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ማንም እኔን አያስተምረኝም።

በፔዳ በር ዙሪያ ያሉት ቤቶች ለእኔ እናቶቼ ናቸው። ጠዋት ፉል፣ ምሳ ተጋቢኖ ወይ ፓስታ በእንጀራ። ወሩ ሳያልቅ ብሩ ሲያልቅ ደብተር ላይ ይይዙልኛል። ፈተና ሰሞን አምሽቼ ስመጣ "ምን በላህ?" ብለው ይጠይቁኛል። ሐይቁ ዳር ማን ጠይቆኝ ያውቃል?

ግን አንድ ልመና አለኝ። እነዚህን ቤቶች መኪና ላለው እንግዳ አታስተዋውቁብን። አንድ ቤት ስሙ በወጣ በማግስቱ ዋጋ ይጨምራል። እኛ ደግሞ የምንሄድበት የለንም።

አስጎብኚው፦
ልጆች፣ ነገሩን በአንድ ወገን ብቻ እያያችሁት ነው። እኔ እንግዳ ይዤ ብዙ ዓመት ዞሬያለሁ። ሰው ባሕር ዳር የሚመጣው ለሐይቁ ነው። ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ የመጣን ሰው ግድግዳ አስደግፈህ ሽሮ ልታበላው? ሽሮ እዚያም አለው።

ደግሞ የምቾቱን ነገር አስቡ። አዛውንት ይዤ እመጣለሁ፣ ሕፃን ይዤ እመጣለሁ። ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ መኪና ማቆሚያ፣ ጥላ ያስፈልጋል። የምትሉት ቤት ይህ አለው? ሐይቁ ዳር ሁሉ ውድ ነው የሚለውንም አልቀበልም። ማንጎ ፓርክ በኩል ጁስ ይዞ ከቤተሰቡ ጋር የሚቀመጠው የከተማው ሰው ነው እንጂ ቱሪስት አይደለም።

እንግዳ በቀነሰበት በዚህ ጊዜ ሐይቁ ዳር ያሉት አስተናጋጆችና ጀልባ ነጂዎች ናቸው የተጎዱት። እነሱም የባሕር ዳር ልጆች ናቸው። እነሱን ትተን ሌላ ቤት እንጠቁም ማለት ለእኔ ልክ አይደለም።

ባለ ጥያቄው፦
ጋሼ፣ ስለ አዛውንቶቹና ስለ ሕፃናቱ ያሉት እውነት ነው፤ እቀበላለሁ። ግን እርስዎ ራስዎ የሚበሉት የት ነው? ቀኑን ሙሉ እንግዳ ይዘው ሲውሉ፣ እነሱ ሐይቁ ዳር ተቀምጠው እርስዎ የት ሄደው ነው ምሳ የሚበሉት?

አስጎብኚው፦
ቀበሌ 14። ጥብስ በደንብ ይሠራሉ። ለእንግዳ ግን አይሆንም እኮ ነው የምለው።

የማርቆሱ ልጅ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ጎጃምን ባሕር ዳር ላይ ብቻ ቆለፋችሁት። የጎጃም ምግብ ዓሣ ነው ያለው ማነው? የቢቸናና የደጀን ጤፍ እንጀራ፣ ለጋ ቅቤ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ከጎኑ ጠላ። እንግዳችሁ በማርቆስ በኩል ከመጣ እዚያው አብሉት። እንጅባራ ሲደርስ ደግሞ ድንች ወጥ ይቅመስ። ባሕር ዳር ጠግቦ ይግባ፣ ሐይቁንም በነፃ ይየው።

ሲስተር፦
ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ጣዕሙን ተዉትና ስለ ንጽሕና ማንም ያነሳ የለም፤ ስለዚህ እኔ ልበል።

ትንንሽ ቤቶችን እወዳለሁ። ግን ውኃ ሲጠፋ በአንድ ባልዲ ስንት ሳህን እንደሚታጠብ አይቻለሁ። ዘይቱ ጠዋት የተጠበሰበት፣ ማታም የሚጠበስበት፣ ጠቁሮ እስኪወፍር የማይደፋ ቤት አለ። ልጅ ይዛችሁ ገብታችሁ ማታ ተቅማጥ ሲጀምረው እኛ ጋ ነው የምታመጡት።

ሐይቁ ዳር ስለሆነ ንጹሕ ነው ማለት ግን አይደለም። አንድ ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ ትኩስ ዓሣ ተብዬ የቀረበልኝ መሐሉ ገና በረዶ ነበር። ላዩ ተጠብሷል፣ አጥንቱ ሥር ሥጋው ጥሬ ነው። መለስኩት። ወስደው በዚያው ዘይት ደገሙት። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ንጽሕና አይደለም።

እኔ የማየው ይህን ነው። መታጠቢያው ጋ ሳሙና አለ? ምግብ የሚያቀርበው ሰው በዚያው እጁ ብር ይቀበላል? ወጥ ቤቱን ልይ ስል ምን ይሉኛል? ሰፈር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ "ግቢ እታለም" ይሉኛል። ትልልቆቹ ጋ "አይቻልም" ነው መልሱ። በዚህ በኩል ትንንሾቹ ይሻላሉ። ተቆጣጣሪዎችም መጥተው ከማሸግ ይልቅ ቢያስተምሯቸው እመርጣለሁ። የታሸገ ቤት አይማርም፤ ባለቤቷ ሌላ ሰፈር ሄዳ ያንኑ ትደግማለች።

የዓሣ አጥማጅ ልጅ፦
ሁላችሁም ስለ ዓሣ ታወራላችሁ፣ ስለ ዓሣው ግን አላወራችሁም። አባቴ በደንገል ታንኳ ነው ያሳደገን። ሐይቁ ዳር ሆነ ሰፈር፣ ዓሣው የሚወጣው ከአንድ ጣና ነው። ጥያቄው የት ሳይሆን ምን፣ መቼ መሆን አለበት።

ሜኑ ላይ "ዓሣ ጥብስ" ብቻ ሲባል ጠይቁ። ቆሮሶ ነው? አምባዛ ነው? ነጭ ዓሣ ነው? ሦስቱ አንድ አይደሉም። ቆሮሶ ሥጋው ጠበቅ ይላል፣ አጥንቱም በአንድ ጊዜ ይነቀላል። አምባዛ ቅባት አለው፤ ለወጥና ለጉላሽ ይሆናል። ነጭ ዓሣው ደቃቅ አጥንት ይበዛበታል፤ ለዚህ ነው አንዳንዱ ቤት ጎድኑን በቢላ ደጋግሞ ተልትሎ የሚጠብሰው።

አሁን የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። ነጭ ዓሣ የምንላቸው ብዙ ዓይነት ናቸው። ወደ 15 የሚሆኑት በዓለም ላይ ከጣና በስተቀር የትም የሉም። ክረምት ሲገባ ብዙዎቹ እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል ዓባይ። ወንዙ ሐይቁ ውስጥ የሚገባበት አፍ ላይ መረብ ከተዘረጋ እንቁላል የያዘችው ሳትጥል ትያዛለች። ዓይኑ ጠባብ መረብ ደግሞ ጫጩቱንም አያስቀርም። እምቦጩ መጥቶ የዓሣ መራቢያ ዳርቻውን ሲሸፍን አጥማጁ ሁሉ የቀረው ቦታ ላይ ተጨናነቀ።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ነጭ ዓሣ አትዘዙ። እንቁላል ያለው ዓሣ ሲመጣላችሁ "ኧረ እንቁላል አለው!" ብላችሁ አትደሰቱ። ባለቤቱን "ከየት አመጣችሁት?" በሉት። ደንበኛ ከጠየቀ ባለ ቤቱም ነጋዴውን ይጠይቃል።

የፔዳ ተማሪ፦
ይሄን ማንም ነግሮን አያውቅም። ግን ትኩስ መሆኑን በምን አውቃለሁ? በጾም ሰሞን ሁሉም ዓሣ ይጠብሳል፤ ትናንት የተጠበሰውንም ያሞቁልናል።

የዓሣ አጥማጅ ልጅ፦
ከመጠበሱ በፊት አሳዩኝ በል። ዓይኑ ወጣ ያለና ጥርት ያለ ይሁን። ወደ ውስጥ የሰረጎደና ዳመና ያለበት ከሆነ ቆይቷል። በጆሮው በኩል ገልጠህ እይ፤ ውስጡ ቀይ ይሁን፣ ቡናማ አይሁን። ሆዱን በጣትህ ጫን ስታደርገው ይመለሳል። ተጠብሶ ከመጣ ደግሞ አዋዜው ውስጥ ሳትነክር መጀመሪያ ባዶውን ቅመሰው። ብዙ ሎሚና ብዙ ሚጥሚጣ የሚያፈስ ቤት የሚደብቀው ነገር አለ።

ከዓባይ ማዶ፦
ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። እኔ ከተነሱት አንዷ ነኝ። መንገድ ዳር ቁርስ ቤት ነበረኝ። ምትክ ቦታ ተሰጠኝ፣ ምስጋና ይግባቸው። ግን ቦታው መንደሩ መጨረሻ ላይ ነው። የእኔ ደንበኛ የቀን ሠራተኛ፣ ሾፌር፣ ቢሮ የሚገባ ሰው ነው። 6 ሰዓት ወጥቶ 7 ሰዓት ተኩል መመለስ አለበት። እኔን ፍለጋ ባጃጅ ተሳፍሮ አይመጣም።

መንገድ አይስፋ አላልኩም። ከተማዬ ስታምር ደስ ይለኛል። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2016 ሲከፈት ልጆቼን ይዤ ሄጄ አይቻለሁ። የምለው፣ አዲስ የሚሠራው ሕንፃ ሥር አንዲት ጠባብ ክፍል ለምግብ ቤት በሚችሉት ኪራይ ትከለል። አሥር ሴቶች በአንድ የውኃ መስመር፣ በአንድ ፍሳሽ ጉድጓድ ይሥሩ። ሲስተርም የምትለው ንጽሕና የሚመጣው ያኔ ነው። ውኃ የሌለውን ሰው ታጠብ ማለት ምን ዋጋ አለው?

ሲስተር፦
እታለም፣ ልክ ነሽ። እኔም ይህንኑ ነው የምፈልገው። የጋራ ውኃ ካለ ለቁጥጥሩም ይቀላል።

አስጎብኚው፦
በዚህ እስማማለሁ። እንዲያውም ሐይቁ ዳር ከሚከፈተው መናፈሻ ውስጥ ለእንደዚህ ዓይነት ቤቶች ቦታ ቢያዝ የእኔ ክርክርና የእናንተ ክርክር አንድ ላይ ይሄድ ነበር። ሐይቁን እያየ ሽሮ የሚበላ እንግዳ ማን ጠልቶ! ፍሳሹ ግን ወደ ጣና እንዳይገባ። ይሄ ለትልልቆቹም ይሠራል።

የፔዳ ተማሪ፦
ዋጋው ግን፣ ጋሼ? ሐይቁ ዳር የገባ ቤት በተማሪ ዋጋ ይቆያል ብለው ያምናሉ?

አስጎብኚው፦
ኪራዩ የሚወሰነው በጨረታ ከሆነ አይቆይም። ጨረታ ትልቁን ነው የሚያስገባው። ለዚህ ነው አስቀድሞ መናገር ያለብን።

ባለ ጥያቄው፦
እኔም እዚህ ላይ ነው የምጸናው። ቦታው በጨረታ ከተሰጠ ትንንሾቹ አይገቡም። በዕጣ ወይም ቀድሞ ለተነሱት ቅድሚያ ሰጥቶ ይሁን። ከዓባይ ማዶ የጻፉት እህታችን፣ አዲሱ ቦታዎ የት እንደሆነ ይንገሩን። ቢያንስ እኛ እንምጣ።

ከዓባይ ማዶ፦
ድልድዩን ተሻግራችሁ ወደ ውስጥ ነው፤ በውስጥ መስመር እጽፍላችኋለሁ። ጠዋት እስከ 4 ሰዓት ፍርፍርና እንቁላል አለ። ምሳ ገና አልጀመርኩም።

አስጎብኚው፦
ባለ ጥያቄው፣ በዚህ ሳምንት መጨረሻ ሁለት እንግዳ አለኝ። አንዷ ዓሣ አትበላም። የሽምብጡን ቤት አቅጣጫ ላክልኝ። ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው ያለው?

ባለ ጥያቄው፦
ከ5 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነው፣ ጋሼ። ግን ዓርብ ይሁንልዎ፤ ቅዳሜ የፍስክ ነው የሚሠሩት። 7 ሰዓት ካለፈ ስልጆው ያልቃል። መኪናውን ቤተ ክርስቲያኑ ጋ አቁመው በእግር ይግቡ።